የሳህኑ ማህተም 500 ዓመት ይላል፤ እግሩ ግን ሌላ ይላል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሆላንድ ነው። ለአምስት ዓመት የተንከባከብኳቸው አንዲት አዛውንት ከማረፋቸው በፊት ሰማያዊና ነጭ ሳህን ሰጡኝ። ስፋቱ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መሃሉ ላይ አበባና ዐለት ተስሏል። ከሥሩ ድርብ ክብ ውስጥ ስድስት የቻይና ፊደላት አሉ። ቻይናዊ የሥራ ባልደረባዬ አንብቦ ‹ከ1465 እስከ 1487 የነገሠ ንጉሥ ዘመን ነው› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሆላንድ ውስጥ ከተገኘ ዴልፍት ነው እንጂ ቻይና አይደለም› ትላለች። ጠርዙ ቦታ ቦታ የተበላ ይመስላል። ከጠርዙ የሚነሳ ቡናማ ስንጥቅም አለው። አሁን በሽቦ ማንጠልጠያ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ 150 ዩሮ እሰጣለሁ ብሏል። እውነት 500 ዓመቱ ነው? ስንጥቁን በበረኪና ባጸዳው፣ በሱፐር ግሉ ባጣብቀውስ? ላስመርምረው ወይስ ልሽጠው?» ከጥያቄው ጋር ስድስት ፎቶዎች ተልከዋል።

መልስ፦ ሳህኑ 500 ዓመት የለውም። ዴልፍት የሚባለው የሆላንድ ሸክላም አይደለም። ከፎቶዎቹ እንደማየው በቻይናዋ የሸክላ ከተማ በጂንግዴዠን ተሠርቶ ለአውሮፓ ገበያ የተጫነ የቻይና ፖርሴሊን ነው። በእኔ ግምት ከካንግሺ ንጉሥ ዘመን፣ ማለትም ከ1662 እስከ 1722 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። «ግምት» ያልኩበትን ምክንያት ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ከማህተሙ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ባልደረባዎ ያነበበው ትክክል ነው። ፊደላቱ በሁለት ረድፍ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ፦ «ዳ ሚንግ ቼንግሁዋ ኒየን ዢ»። ትርጉሙ «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግሁዋ ዘመን የተሠራ» ነው፤ ሚንግ የሥርወ መንግሥቱ ስም ነው። ንባቡ ልክ ሆኖ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። በቻይና ሸክላ ላይ የተጻፈ የንጉሥ ስም ዕቃው የተሠራበትን ቀን አይመሰክርም። የጂንግዴዠን ሠዓሊዎች የቀደሙ ነገሥታትን ዘመን በኋለኛ ዕቃ ላይ መጻፍ ልማዳቸው ነበር። በቼንግሁዋ ጊዜ የተሠራው ሸክላ እጅግ የተከበረ ስለነበር ስሙን መጻፍ ለጥንቱ ሥራ አክብሮት መስጠት ነው። ለገበያም ይረዳል።

በካንግሺ ዘመን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። በ1677 የአካባቢው ሹም በዙፋን ላይ ያለውን ንጉሥ ዘመን በሸክላ ላይ መጻፍ ከለከለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሸክላ ይሰበራል፤ ስባሪው ቆሻሻ ላይ ይጣላል፤ የንጉሥ ስም ደግሞ ቆሻሻ ላይ መውደቅ የለበትም። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ የሞቱ ነገሥታትን ዘመን መጻፍ መረጡ። አንዳንዱ ቅጠል ሣለ። አንዳንዱ ድርብ ክቡን አስምሮ መሃሉን ባዶ ተወው። የእርስዎ ሳህን የቼንግሁዋ ስም መያዙ ለካንግሺ ግምቴ አያስቸግርም። እንዲያውም በዚያ ዘመን በወጡ ሳህኖች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ማህተም ነው። ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ትናንት የተሠራ ሳህን ላይም አለና።

ታዲያ ምን ይነበባል? እግሩ ይነበባል። ሳህኑን ለስላሳ ፎጣ ላይ ይገልብጡትና የሚቆምበትን ቀለበት ይመልከቱ። ያ ቀለበት ልባስ፣ ማለትም ሸክላውን የሚሸፍነው መስታወት መሰል ሽፋን፣ የለውም፤ በእሳት ውስጥ ከማስቀመጫው ጋር እንዳይጣበቅ ሆን ተብሎ ተጠርጓል። ስለዚህ እርቃኑን ያለውን ሸክላ የሚያዩት እዚያ ብቻ ነው። በአራተኛው ፎቶዎ ላይ ልባሱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቀጭን ብርቱካንማ መስመር አለ። ይህ የመጣው በሸክላው ውስጥ ካለው ጥቂት ብረት ነው። እቶኑ ሲቀዘቅዝ አየር ሲያገኘው እንደዚያ ይዝጋል። ቀለበቱ በቢላ ተስተካክሎ ጥርት ብሎ ተቆርጧል። አውራ ጣትዎን ቢያዞሩበት ልስልስ ያለ፣ እንደ ደረቅ ሳሙና ያለ ስሜት ሊሰጥዎት ይገባል። አንድ ሁለት ቦታ የአሸዋ ቅንጣት ከተጣበቀ አይደንግጡ፤ የእቶኑ ነው። አስመሳዮች ይህን መስመር በሻይ ወይም በጫማ ቀለም ሊሥሉት ይሞክራሉ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ቀስ ብለው ያሳልፉበት። ቀለም ከለቀቀ ነገሩ አልቋል።

ቀጥሎ ሰማያዊውን በማጉያ መነጽር ይዩት። ይህ ቀለም ኮባልት ነው። ጥሬው ሳህን ላይ በብሩሽ ይሣላል፤ ልባስ ይደረብበታል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ 1,300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይተኮሳል። ሥዕሉ ከልባሱ ሥር ስለሆነ በጥፍር ቢፍቁት አይነካም። በካንግሺ ዘመን የነበሩት ሠዓሊዎች መጀመሪያ ዙሪያውን በቀጭን መስመር ያወጣሉ። ከዚያ ውስጡን በውሃ በቀጠነ ቀለም ደረጃ በደረጃ ይሞላሉ። በእርስዎ ሳህን ዐለቱ ላይ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ይታየኛል፤ ደማቅ፣ መካከለኛ፣ እንደ ማለዳ ሰማይ የፈዘዘ። የዐለቱ ግራ ጫፍ ላይ ብሩሹ ቆም ያለበት ጠቆር ያለ ነጥብም አለ። የሰው እጅ ሥራ ነው። በእንግሊዝ በታተመ ሳህን ላይ ግን ጥላው የሚሠራው በነጠብጣብና በቀጫጭን ጭረት ነው፤ የጠርዙ ጌጥ የሚገናኝበት ቦታም ላይ ሳይገጥም ይቀራል። ብዙ ሰው «የቻይና ሥዕል» የሚለው ባለ ድልድይና ባለ አኻያ ዛፍ ንድፍ በአብዛኛው የዚህ ወገን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ የወጣ ንድፍ ነው። የፍቅረኞቹም ታሪክ እዚያው እንግሊዝ የተፈጠረ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። ዴልፍት ማለት ሌላ ሸክላ ነው። የዴልፍት ከተማ ሠሪዎች የተጠቀሙት ተራ ሸክላ አፈር ነው፤ ላዩን ቆርቆሮ የገባበት ነጭ ልባስ ለብሷል። ጠርዙ ሲሸረፍ ውስጡ ቢጫማ ወይም ክሬም መሳይ፣ ደረቅና ቀዳዳማ ሆኖ ይታያል። ፖርሴሊን ሲሸረፍ ግን ውስጡም ነጭ ነው፤ እንደ ተሰበረ ስኳር ያብለጨልጫል። ሳህኑን ወደ መብራት ያንሱና ከጀርባው ጣትዎን ያሳልፉ። ጥላው ከታየዎት ዴልፍት አይደለም። ይህ ግን ቻይናነቱን አያረጋግጥም፤ የአውሮፓ ፖርሴሊንም ብርሃን ያሳልፋል።

ምስጢሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። ቻይናውያን ካኦሊን የሚባለውን ነጭ አፈር ከተፈጨ የፖርሴሊን ድንጋይ ጋር ያዋህዱ ነበር። ካኦሊን የሚለው ስም ራሱ ከጂንግዴዠን አጠገብ ካለችው ከጋኦሊንግ የመጣ ነው። አውሮፓውያን ይህን ለረጅም ጊዜ አላወቁም። ጠንካራ ፖርሴሊን የሠሩት በ1708 አካባቢ በጀርመን ሳክሶኒ ነው፤ የማይሰን ፋብሪካ የተከፈተው በ1710 ነው። ከዚያ በፊት ነጭ፣ ቀጭን፣ ሲነኩት የሚጮህ ሳህን የፈለገ አውሮፓዊ ከእስያ የመጣ መግዛት ነበረበት።

ሆላንድ ውስጥ መገኘቱም ቻይናነቱን ያጠናክራል እንጂ አይቃወምም። በ1603 ሆላንዳውያን «ሳንታ ካታሪና» የተባለች የፖርቱጋል መርከብ በሲንጋፖር አቅራቢያ ማረኩ። ወደ 100,000 የሚጠጋ የቻይና ሸክላ ነበረባት። ጭነቱ በአምስተርዳም በጨረታ ሲሸጥ ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ ነገሥታት የተገዛም ነበረበት ይባላል። ከዚያ በኋላ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠር አመጣ። በ1635 ደግሞ የሚፈልጓቸውን ዕቃዎች ቅርፅ ከእንጨት አስጠርበው ላኩ። ቻይና ቤት ውስጥ የማይታወቁ የሰናፍጭ ማስቀመጫ፣ ባለ እጀታ የቢራ ኩባያ፣ የጨው ዕቃ የተሠሩት እንዲህ ባለ ትዕዛዝ ነው። በ1644 ሚንግ ወድቆ ቻይና ስትታመስ ጭነቱ ቀነሰ። ያን ጊዜ የጃፓን ሠሪዎችና የዴልፍት አስመሳዮች ገበያውን ያዙት። በ1680ዎቹ ጂንግዴዠን እንደገና ስታንሰራራ እንደ እርስዎ ያለ ሳህን ጎረፈ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ለእኛ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ስሙ ከዓረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው። የዓረብ ነጋዴዎች ዕቃውን በቀይ ባሕር በኩል ሲያመጡ ስሙም አብሮ መጣ። የእኛ ሲኒ እጀታ የለውም። በዚያ ዘመን ወደ አውሮፓ የተጫነው የሻይ ዕቃም አብዛኛው እጀታ አልነበረውም። በአውሮፓ ሙዚየም መስታወት ውስጥ የካንግሺ ሲኒዎች ተደርድረው ሳይ ረከቦት ላይ ያሉ ይመስለኛል፤ ሁልጊዜ።

አሁን ስለ ጠርዙ። «የተበላ ይመስላል» ያሉት ጉዳት ላይሆን ይችላል። ልባሱና ሸክላው ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም። ጠርዙ ላይ ልባሱ ስስ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ በጥቃቅኑ ይረግፋል። ጃፓኖች «ነፍሳት የበሉት» ይሉታል። ይህ የዘመኑ ጠባይ ነው፤ ገዢም እንደ ስብራት አይቆጥረውም። ቆይቶ የተሸረፈ ጠርዝ ግን ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ የዛጎል ቅርፅ ይይዛል። በእርስዎ ሳህን ላይ አንዱ ብቻ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ከስንጥቁ መነሻ አጠገብ ያለው።

ስንጥቁ ግን እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ማንጠልጠያውም የሚያግዘው አይደለም። ስፕሪንግ ያለው ሽቦ ቀንና ሌሊት ጠርዙን ወደ መሃል ይስባል። ቤቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ውጥረቱ ይለዋወጣል። የፀጉር ያህል የነበረ ስንጥቅ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጨምረው እንዲህ ነው። የብረቱ ጥርስም ልባሱን ይፍቃል።

በረኪና ፈጽሞ አይንካው። ቡናማው መስመር ለብዙ ዓመታት ስንጥቁ ውስጥ የገባ ቅባትና ቆሻሻ ነው። በረኪናው ላዩን ሊያነጣው ይችላል። ውስጥ የሚቀረው ጨው ግን ሲደርቅ ይጠጥራል፤ እየጠጠረ ስንጥቁን ከውስጥ ይገፋዋል። ሱፐር ግሉም እንዲሁ ነው። የተረፈው ሙጫ ጠርዝ ላይ ተከምሮ ይቀራል። ቆይቶ ይቢጫል። በኋላ ሊጠግን የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው የእርስዎን ሙጫ መፋቅ ነው፤ ሒሳቡም የዚያን ያህል ይጨምራል። በዚህ መንገድ ጥሩ ጥሩ ዕቃ ሲበላሽ አይቻለሁ፤ ያንገበግባል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ፈላ ውሃ፣ ማይክሮዌቭም የለም። ምግብም አይብሉበት፤ ወጥ ያለበት ስንጥቅ መልሶ አይጠራም። ማጠብ ካስፈለገ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፈው፣ በእጅ ብቻ ነው።

«ላስመርምረው?» ላሉት፣ የላቦራቶሪ ምርመራ አለ፤ ለዚህ ሳህን ግን አይመከርም። ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተተኮሰ የሚለካው ምርመራ ከእግሩ ናሙና በመሰርሰሪያ ማውጣት ይፈልጋል። ስስ ፖርሴሊን ላይ ውጤቱ ሰፊ የስህተት ልዩነት አለው። ክፍያው ከሳህኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የሚያስፈልግዎት ዕቃውን በእጁ ይዞ የሚያይ ሰው ነው። እኔም «ግምት» ያልኩት ለዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ሰብሳቢዎች በካንግሺ ሰማያዊ ፍቅር አበዱ፤ ጂንግዴዠንም የድሮውን ንድፍ እየደገመች ሠራችላቸው። የቼንግሁዋ ማህተም እነዚያም ላይ አለ። ብዙ ጊዜ ከበድ ይላሉ፤ እግራቸው ሻካራ ነው፤ ሰማያዊው አንድ ወጥ ሆኖ ጥልቀት ያጣል። ክብደትና ልስላሴ በፎቶ አይታዩም። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ቻይና» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው ቶሎ ያልቅ ነበር። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ለሚገባ ዕቃ የአገር ስም መጻፍ ግዴታ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው ይባላል። ያ ጽሑፍ አለመኖሩ ግን ጥንታዊነቱን አያረጋግጥም፤ ሁሉም ዕቃ ወደ አሜሪካ አልሄደምና።

ስለ ዋጋው እውነቱን ልንገርዎት፤ ብዙዎች የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ማለት ብርቅ ማለት አይደለም። በ1752 የሰመጠችው «ሄልደርማልሰን» የተባለችው የሆላንድ መርከብ ከሻይዋ ጋር ከ150,000 በላይ ሸክላ ጭና ነበር። በ1986 አምስተርዳም ውስጥ ሲሸጥ ዓለም ጉድ አለ። አንዲት መርከብ ብቻዋን ያንን ያህል ከያዘች በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ስንት እንደተጓጓዘ ያስቡት። ስለዚህ የዘመኑ ተራ ሳህን ስንጥቅ ካለው ዋጋው ብዙ ጊዜ በመቶዎች ዩሮ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ያለ እንከን ቢሆን ከፍ ይላል። ዋጋውን እጅግ የሚያንረው ብርቅ ቅርፅ፣ የታወቀ ቤተሰብ ዓርማ፣ ወይም ልዩ ትዕዛዝ ነው፤ የእርስዎ ላይ አንዱም የለም። ስለዚህ ነጋዴው ያለው 150 ዩሮ ዘረፋ አይደለም። ጥሩ ዋጋ ነው ለማለት ግን ማንም ገና በእጁ ይዞ አላየውም።

የእኔ ምክር ለነጋዴው «ገና ነኝ» ይበሉት ነው። የእስያ ሸክላ ክፍል ያለው የጨረታ ቤት ይምረጡ። ሆላንድ ውስጥ ብዙዎቹ የግምት ቀን አላቸው፤ በነፃ ያያሉ። ሁለት ቦታ ያሳዩት፤ አንድ ሰው ብቻ አይመኑ። ከመሄድዎ በፊት የሻጩን ኮሚሽን፣ የፎቶና የመድን ክፍያ ይጠይቁ፤ ከትንሽ ዋጋ ላይ ሲቀነስ እጅዎ ላይ የሚቀረው ያሳዝናል። ሙዚየም ዋጋ አይገምትም። ዓይንዎን ማሠልጠን ከፈለጉ ግን ሊዋርደን ከተማ የፕሪንሰሰሆፍ የሸክላ ሙዚየም አለልዎት፤ አንድ ቅዳሜ ይሂዱ።

ከአዛውንቷ ልጆች አንዱን ደግሞ ሳህኑ በስጦታ የተሰጠዎት መሆኑን የሚገልጽ አጭር ወረቀት ይጠይቁ፤ ቀንና ፊርማ ይኑረው። አዛውንቷ ከየት እንዳገኙት የነገሩዎት ካለ በራሳቸው አነጋገር ይጻፉት። በእናታቸው ቤት የት ይቀመጥ ነበር፣ ማን ገዛው፣ ስንጥቁ መቼ መጣ። የጨረታ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንን ነው። ተንከባካቢ የነበረ ሰው ወረቀት ከሌለው ደግሞ ያላግባብ ይጠረጠራል፤ ይህ እንዲደርስብዎ አልፈልግም።

መሸጥ ካልፈለጉ ስንጥቁ አይጠገን፤ እንዳለ ይቆይ። የተረጋጋ ስንጥቅ ያለው ሳህን በእንጨት ማቆሚያ ላይ፣ ከራዲያተርና ከመስኮት ርቆ፣ ረጅም ዕድሜ አለው። ዛሬ ማታ ግን ከግድግዳው ያውርዱት። ሽቦውን ጎትተው አያውጡት፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንዱ ሳህኑን ፎጣ ላይ ደግፎ ይያዝ፣ ሌላው የሽቦውን መንጠቆ በጉጠት ይቁረጥ።